የእረፍት ጉዞ ከጥቂቶች ወደ ብዙኃን እንዴት ተሸጋገረ?

በ1937 የዓለም መንግሥታት ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) የስታትስቲክስ ባለሙያዎች ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር፤ ቱሪስት የሚባለው ማን ነው? የሰጡት መልስ ከሚኖርበት አገር ወጥቶ በሌላ አገር ቢያንስ 24 ሰዓት የሚቆይ ሰው ነው የሚል ሲሆን፣ ሥራ ለመያዝ የሚሄደውን፣ ኑሮ ሊመሠርት የሚሰደደውንና ለትምህርት የሚጓዘውን ከቆጠራው አስወጥተዋል። ብያኔው ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። ዛሬ በዓለም አቀፍ ቆጠራ ቱሪስት የሚባለው ከዘወትር አካባቢው ርቆ ቢያንስ አንድ ሌሊት የሚያድር፣ ቆይታው አንድ ዓመት የማይሞላና በደረሰበት ቦታ ተቀጥሮ ለመሥራት ያልሄደ ሰው ነው። በዚህ ብያኔ ለስብሰባ የሄደው ነጋዴም፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሄደውም ቱሪስት ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ከእነዚህ መካከል በአንዱ ላይ ብቻ ነው፤ ማንም ሳያስገድደው፣ ሥራውን ለጊዜው ትቶ፣ ለማረፍና አዲስ ነገር ለማየት በሚጓዘው ሰው ላይ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለው ጉዞ እንዲኖር አራት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው፤ ሰው ሊያየው የሚመኘው ቦታ፣ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድና መጓጓዣ፣ ወጪውን የሚሸፍን ገንዘብ፣ እንዲሁም ከሥራ ነጻ የሆነ ጊዜ። የቱሪዝም ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ምስጋናው ሁሉ ለባቡርና ለአውሮፕላን ይሰጣል። በእኔ እምነት ግን ታሪኩን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው አራተኛው፣ ማለትም ጊዜ ነው። የባቡር ሐዲድ በየከተማው ከተዘረጋ በኋላ እንኳ አብዛኛው ሠራተኛ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ከአንድና ከሁለት ቀን ሽርሽር ማለፍ ያልቻለው መጓጓዣ አጥቶ ሳይሆን፣ ያልሠራበት ቀን ሁሉ ያልተከፈለበት ቀን ስለነበረ ነው።

ለመዝናናት መጓዝ በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። የሮም ባለጸጎች የከተማውን ሙቀት ሸሽተው በኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ ዳር ወደምትገኘውና በፍል ውሃዋ ወደታወቀችው ወደ ባያ ይወርዱ ነበር። የቻሉትም ባሕር ተሻግረው ግብፅን ይጎበኙ ነበር፤ ሉክሶር አጠገብ ባለው የነገሥታት ሸለቆ በመቃብሮቹ ግድግዳ ላይ በግሪክኛና በላቲን የተጫሩ ከ2000 በላይ የጎብኚዎች ጽሑፎች የተገኙ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የጸሐፊውን ስምና ባየው ነገር መደነቁን የሚገልጹ ናቸው። በዚያው አካባቢ ንጋት ላይ ድምፅ ያሰማ የነበረውን የሜምኖን ሐውልት ለመስማት በ130 ንጉሠ ነገሥቱ ሐድርያን ራሱ ከባለቤቱ ጋር ሄዶ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጊዜም ገንዘብም የተረፋቸው የጥቂቶች ጉዳይ ነበር።

በመካከለኛው ዘመን ሰፊውን ሕዝብ መንገድ ላይ ያወጣው ሃይማኖት ነው። ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ መካ፣ ወደ ሮም ወይም በስፔን ወዳለው ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚሄድ ሰው የሚጓዘው ለነፍሱ እንጂ ለመዝናናት ስላልሆነ ቱሪስት ብሎ መጥራት ስሕተት ይሆናል። ሆኖም ኋላ ለቱሪዝም ያገለገሉት ብዙ ነገሮች፣ የመንገድ ዳር ማረፊያዎች፣ መንገድ መሪዎችና ለማስታወሻ የሚሸጡ ዕቃዎች ሳይቀሩ፣ የዳበሩት በእነዚህ ተሳላሚዎች ዙሪያ ነው። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ከቬኒስ ተነሥቶ ወደ ቅድስት አገር የሚሻገር ተሳላሚ ከመርከቡ አዛዥ ጋር የጽሑፍ ውል ይዋዋል ነበር፤ ውሉም የመርከቡን ጉዞ፣ በመርከቡ ላይ የሚቀርበውን ምግብና ከባሕር ወርዶ በየቦታው የሚከፈለውን ቀረጥ በአንድ ዋጋ ያጠቃልል ነበር። በጃፓን በኤዶ ዘመን (1603–1868) ደግሞ የመንደር ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ያዋጡና ዕጣ የወጣላቸውን አባላት ወደ ታላቁ የኢሴ መቅደስ ይልኩ ነበር። ገበሬ ያለ ፈቃድ ከቀዬው መራቅ በማይችልበት በዚያ ሥርዓት፣ ለመሳለም መሄድ ባለሥልጣናት በቀላሉ የማይከለክሉት ምክንያት ስለነበር፣ መንገደኞቹ በዚያው አጋጣሚ ፍል ውሃውንም፣ ከተማውንም፣ የታወቀውን መልክዓ ምድርም እያዩ ይመለሱ ነበር። በእንግሊዝኛ የእረፍት ጊዜን የሚያመለክተው «ሆሊዴይ» የሚለው ቃል መነሻው «ቅዱስ ቀን» መሆኑ፣ ለተራው ሰው ከሥራ ማረፍና ሃይማኖታዊ በዓል ምን ያህል አንድ እንደነበሩ ያሳያል።

ለማየት ብሎ መጓዝ እንደ ጨዋ ልጅ ትምህርት አካል የተቆጠረው ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ነው። የእንግሊዝ መኳንንት ልጆቻቸውን ከሞግዚት መምህር ጋር ወደ ፓሪስ፣ ወደ ቬኒስ፣ ወደ ፍሎረንስ፣ ወደ ሮምና ወደ ኔፕልስ ይልኩ ጀመር፤ ጉዞውም «ግራንድ ቱር» ማለትም «ታላቁ ዙር» ተባለ። በ1670 በታተመ የሪቻርድ ላሰልስ የጣሊያን ጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ስያሜው ተጽፎ ይገኛል። ወጣቱ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ቋንቋና የቤተ መንግሥት ሥርዓት ተምሮ፣ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ገዝቶ ይመለስ ነበር። በ1738 ሄርኩላኒየም፣ በ1748 ደግሞ ፖምፔ መቆፈር ሲጀምሩ የጣሊያን መስሕብ ይበልጥ ጨመረ። «ቱሪስት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የወጣው በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ሥሩ የዙረት ጉዞን የሚያመለክተው ይኸው «ቱር» ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። ቦታዎች ባሉበት ቢኖሩም፣ የሚያስመኙ መሆናቸው ግን በዘመናት ውስጥ የተፈጠረ ነገር ነው። አብዛኛው የአውሮፓ ሰው ለብዙ ዘመናት የአልፕስን ተራሮች የሚመለከተው በፍርሃት ነበር፤ መንገደኛው የሚፈልገው ተራራውን በቶሎ ማለፍ እንጂ ማየት አልነበረም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የተፈጥሮን ግርማ ማድነቅ እየተስፋፋ ሄዶ፣ ሚሼል ፓካርና ዣክ ባልማ በነሐሴ 1786 ሞንት ብላንክ ጫፍ ላይ ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ተራራ መውጣት ራሱን የቻለ የጉዞ ምክንያት ሆነ። ባሕርም እንዲሁ ነው። ሪቻርድ ራስል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1750ዎቹ መጀመሪያ የባሕር ውሃ መታጠብም ሆነ መጠጣት ለእጢ በሽታዎች ፈውስ ነው ብሎ ካሳተመ በኋላ፣ ብራይተን የተባለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ለሕክምና በሚመጡ ባለጸጎች ተጥለቀለቀች። ሰዎቹ ወደ ቀዝቃዛው ውሃ የሚገቡት በመንኰራኵር ላይ በቆመች የእንጨት ጎጆ ውስጥ ልብሳቸውን ለውጠው ነበር። የባሕር ዳር እረፍት የጀመረው እንግዲህ በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ደስታው ቀስ በቀስ የሕክምናውን ቦታ ወሰደ።

ከዚያ ባቡር መጣ። በ1830 በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል የባቡር መስመር ከተከፈተ ወዲህ ጉዞ ከቀድሞው እጅግ ፈጠነ። ባቡሩን ወደ እረፍት ጉዞ ከለወጡት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ቶማስ ኩክ ነው። ኩክ የእንጨት ሥራ ባለሙያና የባፕቲስት ሰባኪ የነበረ ሲሆን፣ ዋና ጭንቀቱ መጠጥ በሠራተኛው ቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጥፋት ነበር። ሐምሌ 5 ቀን 1841 ከባቡር ኩባንያው ጋር ተነጋግሮ 500 ያህል ሰዎችን ከሌስተር ወደ ላፍበራ፣ ወደ አንድ የጸረ መጠጥ ስብሰባ፣ በአንድ ሺሊንግ ደርሶ መልስ ወሰደ። የቡድን ጉዞ ከእርሱ በፊትም ነበር። የኩክ ልዩ አስተዋጽኦ ከዚያ በኋላ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ የሠራው ነው። በ1851 በለንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን ሲከፈት 150,000 ያህል ሰዎችን አጓጓዘ፤ በ1863 ወደ ስዊዘርላንድ፣ በ1869 ወደ ግብፅና ወደ ፍልስጥኤም መንገደኞች መራ፤ በ1872 የጀመረውን የዓለም ዙሪያ ጉዞም በ222 ቀናት ፈጸመ።

የኩክን ሥራ ለመረዳት በዚያ ዘመን ወደማያውቀው አገር የሚሄድ አንድ ሰው ምን እንደሚያስጨንቀው ማሰብ ይበቃል። የየኩባንያው የባቡር ሰዓትና ዋጋ ይለያያል፤ ገንዘቡ ይለያያል፤ ቋንቋው አይገባውም፤ የሆቴሉን ዋጋ የሚያውቀው ሲደርስ ነው፤ ሊታለልም ይችላል። ኩክ ለባቡር ኩባንያዎችና ለሆቴሎች ብዙ ደንበኛ በአንድ ጊዜ አመጣላችኋለሁ እያለ የዋጋ ቅናሽ ካገኘ በኋላ፣ ለመንገደኛው አስቀድሞ የተከፈለበት ትኬትና ከ1868 ጀምሮ የሆቴል ኩፖን ሸጠለት። ስለዚህ የሸጠው ጉዞን ብቻ ሳይሆን እርግጠኝነትን ጭምር ነው። ከደንበኞቹ መካከል ሴቶች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ አንዲት ሴት ለብቻዋ መጓዟ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን የተደራጀ ቡድን ክብሯንም ደኅንነቷንም ጠብቆ ዓለምን እንድታይ መንገድ ከፈተላት። ይህን ነገር ከዚህ ታሪክ እጅግ ደስ ከሚያሰኙት ገጾች እንደ አንዱ አየዋለሁ። በሌላ በኩል የዚያ ዘመን ጉዞ ከቅኝ ግዛት ጋር እንደተቆራኘ መታወቅ አለበት። በናይል ላይ ጎብኚ ያመላልሱ የነበሩት የኩክ መርከቦች በ1884 ወደ ሱዳን የዘመተውን የብሪታንያ ጦር አጓጉዘዋል።

እስከዚህ ድረስ ተጓዡ በአብዛኛው መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ነው፤ ነጋዴ፣ መምህር፣ ቄስ፣ ሐኪም። የፋብሪካ ሠራተኛውስ? በሰሜን እንግሊዝ በላንክሻየር የጥጥ ከተሞች ፋብሪካዎቹ በዓመት አንዴ ለቀናት፣ ኋላም ለአንድ ሳምንት ያህል ማሽኖቻቸውን አቁመው ይዘጉ ነበር፤ ሳምንቱም «ዌክስ ዊክ» ይባል ነበር። የአንዱ ከተማ ሰው በአንድ ጊዜ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ባሕር ዳሯ ከተማ ወደ ብላክፑል ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የሌላው ከተማ ነው። ነገር ግን ይህ ሳምንት ደመወዝ የማይከፈልበት ስለነበር፣ ሠራተኞቹ ዓመቱን ሙሉ በቁጠባ ማኅበር ጥቂት ጥቂት ሳንቲም እያስቀመጡ ለዚያ ሳምንት ኪራይና ቀለብ ያዘጋጁ ነበር። መቆጠብ ያልቻለው ቤቱ ይቀራል፤ ገቢውም ለሳምንት ይቋረጣል። በ1871 የብሪታንያ ፓርላማ ባንኮች የሚዘጉባቸውን ጥቂት ቀናት በሕግ ሲደነግግ ነጠላ የእረፍት ቀናት ተጨመሩ፤ ለረጅም ጉዞ ግን አይበቁም ነበር።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው በ1936 ነው። በግንቦትና በሰኔ በፈረንሳይ ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ተነሥቶ ሠራተኞች ፋብሪካዎችን ከያዙ በኋላ፣ በሌዮን ብሉም የሚመራው የሕዝባዊ ግንባር መንግሥት ለሠራተኛው ሁሉ በዓመት የሁለት ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት እረፍት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ሌዎ ላግራንዥ የተባለው የስፖርትና የትርፍ ጊዜ ጉዳዮች ሹም ደግሞ ለእረፍት ለሚወጡ ሠራተኞች 40 በመቶ ቅናሽ ያለው የባቡር ትኬት እንዲዘጋጅ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጠቀሙበት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚያ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በብስክሌትና በድንኳን የወጡት ወጣቶችም ብዙ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሰኔ በጄኔቫ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ለአንድ ዓመት የሠራ ሰው ቢያንስ ስድስት የሥራ ቀናት ከነደመወዙ እንዲያርፍ የሚያዝ ስምምነት አጸደቀ፤ ብሪታንያም በ1938 የራሷን ሕግ አወጣች። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 ባወጀው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 24 ሰው ሁሉ የማረፍና በየጊዜው ክፍያ ያለው እረፍት የማግኘት መብት እንዳለው ሲያሰፍር፣ የመኳንንት ልማድ የነበረው ነገር በወረቀት ላይ የሰው ልጅ ሁሉ መብት ሆነ።

እረፍት ብርቱ ነገር መሆኑን አምባገነኖችም ተረድተውት ነበር። የናዚ መንግሥት በ1933 ነጻ የሠራተኛ ማኅበራትን አፍርሶ ንብረታቸውን ከወረሰ በኋላ፣ በዚያው ዓመት «ብርታት በደስታ» የሚል ስም ያለው ድርጅት አቋቁሞ ለሠራተኞች ርካሽ ሽርሽርና የመርከብ ጉዞ ያዘጋጅ ጀመር፤ የተወሰደባቸውን ነጻነት በጉዞ እንዲረሱ ማለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ መኪና ለብዙኃኑ መንገዱን ሲከፍት፣ ጥቁር አሜሪካዊ ቤተሰብ የራሱ መኪናና ገንዘብ ኖሮትም የት እንደሚያድር፣ የት ነዳጅ እንደሚሸጥለት አያውቅም ነበር። የኒው ዮርኩ ፖስተኛ ቪክቶር ሂውጎ ግሪን ከ1936 ጀምሮ ያሳትም የነበረው «ግሪን ቡክ» ጥቁሮችን የሚያስተናግዱ ሆቴሎችን፣ ምግብ ቤቶችንና ነዳጅ ማደያዎችን የሚዘረዝር ነበር፤ መጽሐፉ አስፈላጊነቱ የቀነሰው የ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ በሕዝብ መገልገያዎች የዘር ልዩነትን ከከለከለ በኋላ ነው። ስለዚህ ከላይ በጠቀስኳቸው አራት ነገሮች ላይ አምስተኛ መጨመር ተገቢ ነው፤ በደረሱበት ቦታ እንደ ሰው መቈጠር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጊዜም ገንዘብም ያለው ሠራተኛ በምዕራብ አውሮፓ በሚሊዮኖች ተቈጠረ፤ ከጦርነት የተረፉ የማጓጓዣ አውሮፕላኖችም በርካሽ ይሸጡ ነበር። ቭላዲሚር ራይትዝ የተባለ የጉዞ አዘጋጅ በግንቦት 1950 በዳኮታ አውሮፕላን ከብሪታንያ ወደ ኮርሲካ፣ ካልቪ ወደተባለች ከተማ፣ በረራውን፣ በድንኳን ማደሪያውንና ምግቡን ጨምሮ በ32 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ መንገደኞችን ወሰደ። መንግሥት መደበኛ አየር መንገዶችን ለመጠበቅ ሲል ፈቃዱን ለተማሪዎችና ለመምህራን ብቻ ነበር የሰጠው። ዋጋው ዝቅ ያለበት ምክንያት ሲብራራ ቀላል ነው። የአንድ በረራ ወጪ፣ ነዳጁም ሆነ የአብራሪው ደመወዝ፣ አውሮፕላኑ ግማሹ ባዶ ቢሆንም ሙሉ ቢሆንም ብዙ አይለያይም። መደበኛ አየር መንገድ ሰው ቢኖርም ባይኖርም በሰዓቱ ስለሚበር የባዶውን ወንበር ዋጋ በተሳፋሪው ላይ ይጭናል። ቻርተር በረራ፣ ማለትም እንደ ራይትዝ ሙሉ አውሮፕላን ተከራይቶ የሚደረገው በረራ፣ ግን ወንበሮቹ ሁሉ አስቀድመው ተሸጠው ስለሚነሣ፣ ወጪው ለብዙ ሰው ይካፈላል። ሆቴሉም እንዲሁ ክፍሎቹ ለወራት ሙሉ እንደሚሆኑለት ካወቀ ዋጋውን ይቀንሳል። የቬኒሱ የመርከብ አዛዥ ውል፣ የኩክ ኩፖንና የራይትዝ በረራ በዚህ አንድ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ለውጥ ፈጣን ነው። በ1958 የቦይንግ 707 ጄት አትላንቲክን መሻገር ጀመረ፤ በ1970 ቦይንግ 747 ሲመጣ በአንድ በረራ የሚሳፈረው ሰው እጥፍ ያህል ሆነ። ስፔን በ1960 ስድስት ሚሊዮን ያህል የነበሩት የውጭ ጎብኚዎቿ በ1973 ከ30 ሚሊዮን በላይ ሆኑ፤ ቤኒዶርምን የመሰሉ የዓሣ አጥማጅ ከተሞችም ረጃጅም ሆቴሎች በቀሉባቸው። የሰዎቹ ምኞትም እንደገና ተለውጦ ነበር። ቀድሞ ሪቪየራ የሚባለው የደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ የክረምት ብርድ መሸሻ ስለነበር ሙቀቱ ሲመጣ ሆቴሎቹ ይዘጉ ነበር፤ በፀሐይ የጠቆረ ቆዳም የእርሻ ሠራተኛ ምልክት ነበር። ከ1920ዎቹ ወዲህ፣ ሠራተኛው ፋብሪካ ውስጥ ገርጥቶ በሚውልበት ዘመን፣ ፀሐይ የነካው ገጽ የእረፍትና የምቾት ምልክት ሆነ። በ1978 አሜሪካ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የአየር መንገድ ገበያን ከመንግሥት የዋጋና የመስመር ቁጥጥር ነጻ ሲያደርጉ ርካሽ አየር መንገዶች ተስፋፉ፤ በይነመረብ ሲመጣም መንገደኛው የወኪልን ሥራ ራሱ መሥራት ጀመረ።

ቁጥሮቹ ይህን ያሳያሉ። በ1950 በዓለም ላይ 25 ሚሊዮን ያህል የነበረው ድንበር ተሻጋሪ የቱሪስት ጉዞ በ2019 ወደ 1.5 ቢሊዮን ተጠጋ። በወረርሽኙ ምክንያት በ2020 ወደ 400 ሚሊዮን ገደማ ካሽቈለቈለ በኋላ በ2024 ወደ 1.4 ቢሊዮን ተመልሷል። እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ግን የሚቈጠረው መድረስ እንጂ ሰው እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ በአንድ ዓመት አምስት አገር የጎበኘ ሰው አምስት ጊዜ ይቈጠራል። ስለዚህ 1.4 ቢሊዮን ሰው ተጓዘ ማለት አይደለም። በየአገሩ ውስጥ የሚደረገው ጉዞ ደግሞ በዚህ ቁጥር ውስጥ ጨርሶ የለም፤ እርሱ ከዚህም እጅግ ይበልጣል።

ጉዞው ሲበዛ ጫናውም በዛ። በቬኒስ አሮጌው ከተማ በ1951 ወደ 175,000 ሰው ይኖር የነበረ ሲሆን ዛሬ ነዋሪው ከ50,000 በታች ወርዷል፤ ቤቶቹ ለጎብኚ ማደሪያ ሲሆኑ ኪራዩ ለነዋሪው የማይቀመስ ሆኗል። ከተማዋ በሚያዝያ 2024 በተመረጡ ቀናት ውለው ለሚመለሱ ጎብኚዎች የ5 ዩሮ መግቢያ መጠየቅ ጀምራለች። ታይላንድም በጀልባ ብዛት ኮራሏ የተጎዳባትን ማያ ቤይ የተባለች የባሕር ዳርቻ በ2018 ዘግታ የከፈተችው በ2022 ነው። እንዲህ ያሉ እርምጃዎች አስፈላጊ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ዋጋን ማስወደድ ብቻውን መፍትሔ ከሆነ ጉዞው ወደ ባለጸጋው እጅ እንደሚመለስ ከላይ ያየነው ታሪክ ይነግረናል። በየቀኑ የሚገባውን ሰው ቁጥር መወሰንና ወረፋን በእኩል መስጠት ከዚህ ይሻላል።

የ1936ቱ ሥራም ገና አላለቀም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1970 ዝቅተኛውን የዓመት እረፍት ወደ ሦስት ሳምንት ከፍ ያደረገበትን ስምምነት ያጸደቁት አገሮች ከ40 ያነሱ ናቸው። ዩናይትድ ስቴትስ እስከ ዛሬ ድረስ የግል አሠሪ ለሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት እረፍት እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የላትም። ድንበር መሻገርም ሌላ እንቅፋት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአብዛኛው አውሮፓ ያለ ፓስፖርት መጓዝ ይቻል ነበር፤ ጦርነቱ ያመጣው ቁጥጥር ግን ጸንቶ፣ በ1920 በፓሪስ በተደረገ ጉባኤ ፓስፖርት አንድ ወጥ መልክ ያዘ። ዛሬ የአንዱ አገር ዜጋ ትኬት ቈርጦ በማግስቱ ሲሳፈር፣ የሌላው አገር ዜጋ ገንዘቡም የእረፍት ቀኑም ተዘጋጅቶለት እያለ የቪዛ ቀጠሮ ለወራት ይጠብቃል።